የስፒከር ቦክስ ቀዳዳ ጥርት ያለ ክብ እንዲሆን

ስፒከር ቦክስ ራሳችሁ የምትሰሩ፣ ቀዳዳውን በጂግሶ (በኤሌክትሪክ መጋዝ) እየታገላችሁ ከሆነ እና ራውተር (የኢንተርኔቱ ሳይሆን እንጨት የሚቆፍረው ማሽን) ካላችሁ በሱ ሞክሩት፣ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። ቀጭን ፕላይውድ ራውተሩ ስር እሰሩና ከመሀሉ ሚስማር ራቅ ካለው የቢቱ (የሚቆርጠው ብረት) ጠርዝ ጀምራችሁ የክቡን ራዲየስ ለክታችሁ ብሱት፣ በዛ ቀዳዳ ሚስማሩ የክቡ መሀል ላይ ይገባና ራውተሩ እንደ ኮምፓስ ይዞራል። የምትለኩት ግን የስፒከሩን የውጭ ፍሬም ሳይሆን ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ነው፣ 2 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ስጡት።

ፍሬሙ ከጣውላው እኩል እንዲቀመጥ የምትፈልጉ ደሞ መጀመሪያ ሰፊውን ክብ በፍሬሙ ውፍረት ልክ ቆፍሩ፣ የውስጡን ቀዳዳ ከዛ በኋላ ቁረጡ፣ ምክንያቱም መሀሉ አንዴ ከወጣ ሚስማሩ የሚቆምበት የለም፣ ብዙ ጥሩ ጣውላ የሚበላሸው እዚች ጋ ነው! ባንዴ ጠልቃችሁ አትግቡ፣ በየዙሩ 3 ሚሊሜትር ይበቃል። ከስር ትርፍ ጣውላ አድርጉና መሀሉን በሁለት ፊት ፕላስተር እሱ ላይ ለጥፉት፣ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ተላቆ ቢቱን ይይዝና ጠርዙን ይበላዋል። ጣውላው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሰራ) ከሆነ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ማስክ ሳታረጉ እንዳትጀምሩ በጣም አደራ።