ጓሮ ሲለማ ጎረቤት እንዳይከፋ

ጓሮ የሚያለማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። አጥር ሰውን ያግዳል እንጂ ሥርን፣ ውሃን፣ ሽታንና ቅጠልን አያግድም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከእናንተ ግቢ ወደ ሰው ግቢ ሊሻገር የሚችለውን ነገር ሁሉ ሳይሻገር ቀድማችሁ ያዙት። ጎመን ማካፈል፣ ለቡና ጤና አዳም መላክ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። አንድ እቅፍ ቆስጣ መጥፎ ሽታን አይሸፍንም፤ የረጠበ ግድግዳንም አያደርቅም።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። መሬታችን ተዳፋት ነው፤ ከበላዬ አንድ ግቢ፣ ከበታቼ አንድ ግቢ፣ በጎኔ ደግሞ ተከራይ የሚቀያየርበት ቤት አለ። ከመምህርነት በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ቀኔን የማሳልፈው ከጎመን፣ ከቆስጣ፣ ከድንችና ከካሮት ጋር ነው። አንድ አቮካዶ፣ አንድ ኮክና ጥቂት ጌሾም አለኝ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ዶሮ የሚያረባውም፣ ጓሮውን የሚቆፍረውም ሰው በዝቷል። እጅግ ደስ ይለኛል። ከልማቱ ጋር አብሮ የጓሮ ቅሬታ ሲበዛ ማየት ግን ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው በትንሽ ጥንቃቄ የሚቀር ነውና።

ከውሃ ልጀምር፤ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው። እንደ እኛ ሰፈር ባለ ተዳፋት ላይ የአትክልት መደብ የሚወጣው ቁልቁለቱን አቋርጦ ነው። ቁልቁል የተቆፈረ መደብ ክረምት ሲገባ ቦይ ይሆንና አፈራችሁንም ፍጋችሁንም ይዞ ከታች ያለው ሰው በር ላይ ይደፋዋል። በታችኛው አጥር በኩል፣ በእናንተ ወገን፣ አንድ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደ መንገዱ ማፋሰሻ ምሩት። ይህ ሥራ በግንቦት ማለቅ አለበት። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ጭቃ ከማዛቅ አያልፍም።

ሁለተኛው የውሃ ነገር ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው መደቡን ከፍ ለማድረግ አፈሩን ከጎረቤት የብሎኬት አጥር ጋር አስጠግቶ ይከምራል። የአጥር ብሎኬት ራሱን ችሎ እንዲቆም እንጂ አፈር ደግፎ እንዲይዝ የተሠራ አይደለም። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ግድግዳውን ይገፋል፤ እርጥበቱም በወዲያ በኩል ይወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ። እኔ በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ የእማማን፣ ማለትም የታችኛዋን ጎረቤቴን፣ በር አንኳኩቼ ግድግዳቸውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ቀለሙ አብጦ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ካወጣ፣ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቦዬን ከፍቼ አያለሁ። እማማ መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር። አሁን ሐምሌ ሲሆን «ዘንድሮ አልመጣሽም?» ብለው ይጠይቁኛል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በተራችሁ ቀን ጎማ ዘርግታችሁ ጓሮ አታጠጡ። በሕግ ባትጠየቁበትም ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ ጎረቤት ያየዋል፣ አይረሳውምም። የልብስ ማለቅለቂያውን፣ የአትክልት ማጠቢያውን ውሃ አጠራቅሙ። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙበት በርሜል ክዳን ይኑረው፤ ክፍት የተተወ በርሜል ትንኝ ያፈላል፣ ትንኙም እናንተ ግቢ ብቻ አይቀርም።

ወደ ብስባሹ እንምጣ። ኮምፖስት ይሸታል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ የሚሸተው በትክክል ያልተሠራው ነው። የሽታው ዓይነት ጉድለቱን ይነግራችኋል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷል። ዓይን የሚያቃጥል፣ ሽንት ሽንት የሚል ከሆነ ደግሞ እርጥቡ ነገር ወይም የዶሮ ኩሱ በዝቷል። መድኃኒቱ ለሁለቱም ደረቅ ነገር መጨመርና ማገላበጥ ነው፦ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ። አንድ ባልዲ የወጥ ቤት ልጣጭና የቡና አተላ ስታስገቡ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር አልብሱት። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ፈጽሞ አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ከመሃሉ አንድ ጭብጥ አውጥታችሁ ጨምቁት፤ ጠብታ ወይም ሁለት ጠብታ ውሃ ከወጣው ልኩ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቶበታል።

ብስባሹን የት ልከምር ለሚል ሰው የምመክረው ቡና ሲፈላ የከሰሉ ጭስ ወዴት እንደሚሄድ በተለያየ ሰዓት እንዲያይ ነው። ጭሱ ወደ ጎረቤት ወጥ ቤት ወይም መኝታ ቤት መስኮት የሚሄድበትን ቦታ ተዉት። ከውሃ ጉድጓድና ከሮቶም ይራቅ። ማገላበጥ በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ ቀኑን ግን ምረጡ። በበዓል ዋዜማ፣ ጎረቤት እንግዳ በጠራበት ቀን፣ ይልቁንም ለቅሶ በተቀመጡበት ሰሞን ክምሩን አትንኩት። ብስባሹ ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይሆንም።

ዛፍ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ግን ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ማንም አስቀድሞ አያስበውም። አቮካዶ ችግኝ ሳለ ያሳዝናል፣ ካደገ በኋላ ግን ቅርንጫፉ ሰፊ ጥላ ይጥላል። ከአጥር አምስት ሜትር ካልራቀ አትትከሉት። ያ ቦታ ከሌላችሁ ኮክ ወይም ጌሾ ይበቃችኋል፤ ሁለቱም በመቀስ ተከርክመው ይያዛሉ። ባሕር ዛፍ በትንሽ ግቢ ውስጥ አይተከል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶና ማገር ሆኖ የደረሰላት ባለውለታ ዛፍ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዙሪያው ያለውን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም እህል በደንብ አይበቅልም፤ የጎረቤታችሁም ጎመን ይጫጫል።

ችግኝ ስትተክሉ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ቦታውን አሳዩት። «ይህ ዛፍ ካደገ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ያስቸግርዎታል?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከበላዬ ያሉት ጋሼ እንዲህ ስጠይቃቸው ልብስ የሚያሰጡት በዚያ በኩል እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሳልጠይቅ በፍጹም የማላውቀው ነገር ነበር። አቮካዶው ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ተተከለ።

ቀድሞ የተተከለ ትልቅ ዛፍ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አሸንዳን አትርሱ። የእናንተ ዛፍ ቅጠል የሚረግፈው የጎረቤት ጣሪያ ላይ ከሆነ አሸንዳው ይደፈንና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኮርኒሱ በኩል ቤት ይገባል። በግንቦት መጨረሻ መሰላል ይዛችሁ ሂዱና «አሸንዳውን ላጽዳልዎ» በሉ። መሰላል መውጣት የማትችሉ፣ እንደ እኔ ጉልበታችሁ የደከመ፣ ለሚያጸዳ ልጅ ዋጋውን ራሳችሁ ክፈሉ። የእናንተ ቅጠል ነውና ወጪውም የእናንተ ነው። የደረሰ አቮካዶ በሌሊት ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅም ሕፃን ያስነሳል፤ በጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን ሲደርስ ሳይወድቅ አውርዱት፤ አቮካዶ ከተቆረጠ በኋላ ቤት ውስጥ ይበስላል። አጥር ተሻግሮ የወደቀ ፍሬ ግን የወደቀበት ግቢ ነው። ዱባም እንደዚያው፦ ሐረጉ ወዲያ ተሻግሮ ያፈራው የእነርሱ ነው። ሐረጉ የቆርቆሮ አጥር ላይ ሲወጣ ግን መልሱት፤ ፍሬው ሲከብድ አጥሩን ያጎብጠዋል።

ዶሮ የሚጭረው የሰው ጎመን ከሆነ ጥፋቱ የባለ ዶሮው ነው፤ ሆኖም መደብን በወንፊት ሽቦ ማጠር ከክርክር ይረክሳል። ቅጠልና ቆሻሻ አታቃጥሉ፤ በተለይ ልብስ በሚሰጣበት ቀን። ለጎመን ክሽክሽ፣ ማለትም ቅጠሉ ላይ ለሚፈላው ጥቃቅን ተባይ፣ የሳሙና ውሃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከሥር እርጩት። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይሁን፣ ከቀኑ በፊትም ለጎረቤት ንገሩ፤ ውሃቸውን ይከድናሉ፣ ልጆቻቸውን ያስገባሉ። ንብ የሚያረባ ጎረቤት ካለ ደግሞ አበባ ላይ ባለ ተክል ላይ ፈጽሞ አትርጩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅሬታ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ በአጥር ላይ ቆሞ መነጋገር አይበጅም፤ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሦስተኛ ጆሮም ይሰማል። ቡና አፍሉና ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው የሚያስቸግረውን ነገር ሄዳችሁ አብራችሁ እዩት። ግድግዳው ከሆነ ግድግዳው አጠገብ ቁሙ፣ ሽታው ከሆነ እነርሱ በሚሸታቸው ሰዓት ሄዳችሁ አሽትቱ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርጉና መቼ እንደምታደርጉ በቀን ቁረጡ። «አስተካክላለሁ» ብቻ ማለት ሰውን ያስቆጣል። «እስከ ቅዳሜ ክምሩን ወደ ወዲያኛው ጥግ አዞረዋለሁ» ማለት ሰላም ያወርዳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን ማወክም መጉዳትም እንደሌለበት፣ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና መንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ ልኩም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ እየታየ እንደሚመዘን ያስቀምጣል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ ግን ለራሳችሁ መመዘኛ ይሁን። አንቀጽ ጠቅሶ የሚጀመር ንግግር በቡና አይቋጭም። መስማማት ካቃተ የዕድሩ ዳኛ ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባበት፤ ሰፈሩንም ልማዱንም ያውቃልና።

ማካፈል ያልኩትስ? እርሱ የጓሮ ትልቁ ደስታ ነው። ስትሰጡ ግን የሚፈለገውን ስጡ። በርበሬ በሚያስፈጩበት ሰሞን በሶብላ፣ በጾም ወቅት ጎመን፣ ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ጌሾ። ጎመን ሲትረፈረፍ ለሁሉም ማደል ሰውን ያሰለቻል፤ ሰጪውም ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ዱላ ይዘው ኮክ የሚያወርዱ ልጆችን አታባርሩ፤ ቀን ወስናችሁ ጥሯቸውና አብረው ይልቀሙ። ቅርንጫፍ አይሰበርም፣ ለከርሞም ጠባቂዎቹ እነርሱ ይሆናሉ።

ተከራይ ሲቀየር ደግሞ ከቀድሞው ጋር የነበረው ስምምነት አብሮ ይሄዳልና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሩ፦ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ክምሩ መቼ እንደሚገላበጥ፣ የወደቀው ፍሬ የማን እንደሆነ። እናንተ አገር ቤት ወይም ልጅ ጋ ስትሄዱም ጓሮውን ለጎረቤት አደራ ስጡ፤ ስጦታውም መተማመኛውም እርሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የቆስጣውን የዳር ቅጠል ከግርጌው እየሸለቀቁ መሃሉን እንዳይነኩ በእጃችሁ አሳዩአቸው፤ መሃሉ ካልተነካ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እናንተ እስክትመለሱም እየለቀሙ ይበላሉ።