የጀርመኑ 151 ሎኮሞቲቭ ጭነት ላይ ጧ ብሎ ሲጠፋ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይሄ ስለ 151 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1978 ድረስ በቁጥር 170 የተሰራው ባለ 6 አክሰሉ፣ 118 ቶን የሚመዝነው የኤሌክትሪክ የጭነት ማሽን። ባትሪ፣ አየር፣ ፊውዝ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ፓንቶግራፉ (ጣራው ላይ ሆኖ ከሽቦው ከረንት የሚቀበለው ክንድ) ተነስቶ ከወረደ፦ የላዩ ካርቦን አልቋል ወይ አየር ያፈሳል።

የኖች (የጉልበት ደረጃ) መቀየሪያው መሃል ላይ ከቆመ፦ ዋናውን ስዊች አውርዱ፣ የመቀየሪያውን ሞተርና ኮንታክቶቹን እዩ። በግድ አትግፉት!

አሁን ወደ ዋናው። ከባድ ባቡር ሲያስነሳ ጧ! ይላል፣ ዋናው ስዊች ይወርዳል፣ መልሰው ሲያበሩት ይሰራል፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ ያው ድምፅ። ሰዉ ሮጦ ሪሌ (ከረንት ሲበዛ ዋናውን ስዊች የሚያስወርደውን) ይቀይራል። ኧረ ሪሌው ምንም አልሆነም፣ ስራውን ነው የሰራው! ሞተሩን ክፈቱት።

ሞተሮቹ በ16.7 ኸርዝ ኤሲ የሚሰሩ ባለ ካርቦን (ከረንት ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፍ ብሩሽ) ናቸው። ካርቦኑ ኮሚዩቴተሩ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የመዳብ ቀለበት) ላይ ጎን ለጎን ያሉ የመዳብ ቁራጮችን አንድ ላይ ሲነካ በመሃል ያለውን ጥቅል ሾርት ያደርገዋል፣ ኤሲው ደግሞ እዛ ጥቅል ውስጥ እንደ ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ ሞተሩ እየዞረ ከሆነ ረዳት ፖሎቹ (በዋናዎቹ ማግኔቶች መሃል ያሉት ትናንሽ ማግኔቶች) ይሄን ያጠፉታል፣ ከቆመ ግን አይችሉም። ስለዚህ ሹፌሩ ጎማው ሳይዞር ከረንት ይዞ ከቆየ ካርቦኑ ስር ያሉት ቁራጮች ብቻ ይቃጠላሉ። ጋይስሊንገር ሽታይገ በሚባለው የደቡብ ጀርመን የባቡር ዳገት ላይ፣ ዳገቱ 22.5 በሺህ ነው፣ ከኋላ ሲገፋ የነበረ አንድ ማሽን መጥቶልን ከፈትነው፣ ኮሚዩቴተሩ ላይ እኩል እየተራራቁ ጥቁር ጠባሳዎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። የፊተኛው እስኪነሳ ከረንት ይዞ ሲጠብቅ ነበር። እባካችሁ ካልተነሳ ወደ ዜሮ መልሱት!

ጠባሳው እኩል ካልተራራቀና ዙሪያውን የቀለጠ የመዳብ ፍንጣሪ ካያችሁ ግን ጎማው ተንሸራትቶ ሞተሩ ከልክ በላይ ፈጥኗል ወይ ካርቦኑ አጥሯል። ጎማው እንዳይንሸራተት ሃዲዱ ላይ የሚረጨው አሸዋ ረጥቦ ቱቦው ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ የተበላሸውን ሞተር ለይታችሁ አውጡትና በቀሩት 5 ሂዱ፣ ጭነቱን ግን ቀንሱ። ጋራዥ ስትገቡ ፓንቶግራፍ ወርዶ፣ መሬት ታስሮ (ሁለቴ አረጋግጡ፣ ከላይ ያለው 15 ሺህ ቮልት ነው) የካርቦኑን ዱቄት በቫኪዩም ሳቡት። በአየር አትንፉት፣ ዱቄቱ ጥቅሉ ውስጥ ይገባና ሌላ ሾርት ትገዛላችሁ። ኮሚዩቴተሩን በኤመሪ አትንኩት፣ ፍርፋሪው ከረንት ያስተላልፋል። ጠባሳው ቀላል ከሆነ በኮሚዩቴተር ድንጋይ ይፀዳል፣ ጥልቅ ከሆነ ቶርኖ ይግባ፣ ከዛ በቁራጮቹ መሃል ያለው ሚካ (ከረንት የማያሳልፈው መለያ) ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ይሄን የሚዘል ሰው ያናድደኛል።

ካርቦን ስትቀይሩ የአንዱን ሞተር በሙሉ፣ ከአንድ አይነት። ርካሹን ከነበረው ጋር ቀላቅለው የሚያስገቡ አሉ፣ ከረንቱ እኩል አይካፈልም፣ አንዱ ጎን ይነዳል። የመያዣው ሞላ የላላ እንደሆነም እዩ። አዲሱ ካርቦን ከኮሚዩቴተሩ ጋር እስኪላመድ ማሽኑን ቀለል ባለ ባቡር ላይ አሰሩት፣ መጀመሪያውኑ ማዕድን ባቡር ላይ እንዳትሰቅሉት።