ፈንግል ነው ወይስ የወፍ ጉንፋን? ዶሮ ሲረግፍ ምን እናድርግ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ አቃቂ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ዶሮ የሚያረባ ጎረቤት የሌለው የለም። ሞት ሲገባ ታዲያ የሁሉም አፍ አንድ ነው፦ «ፈንግል ነው፣ ያልፋል።» ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ግን ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም።

ምልክት፦ ትናንት ሁለት፣ ዛሬ ሃያ

አንዳንዶቹ ምንም ሳያሳዩ ክልትው ይላሉ። የሌሎቹ ፊት ያብጣል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ይቀዝናሉ፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል።

መነሻው፦ ፈንግል፣ የወፍ ጉንፋን (ለምሳሌ ኤች5ኤን1) ወይም የዶሮ ኮሌራ። አንገት የተጠመዘዘ እንደሆነ «በቃ ፈንግል ነው» የሚሉ አሉ። የወፍ ጉንፋንም ይጠመዝዛል። ቁርጡን የሚነግራችሁ ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ በሩን ዝጉ። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ፍግ፣ የመኖ ጆንያ አይውጣ። ነጋዴም አይግባ። ከዚያ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ናሙናውን ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ የሚወስደው እሱ ነው። ቅዝቃዜው ተጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለው እዚሁ ሰበታ ስለሆነ ራቀን አይባልም። ባለሙያው ካየ በኋላ የሞቱትን በጓንትና በማስክ ሰብስባችሁ፣ ውሻና ጅብ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ፤ ኖራም ነስንሱበት። ወንዝ ዳር የተጣለውን ጭላትና ቁራ ያዳርሱታል።

ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ መበጥበጥስ? ፈንግልንና የወፍ ጉንፋንን የሚያመጣውን ቫይረስ አይነካም። ለኮሌራ ሊረዳ ይችላል፤ ግን ኮሌራ መሆኑን ማን ነገራችሁ?

በእኔ እምነት በሽታውን ከሰፈር ሰፈር በማዞር ሰው ከወፍ ይብሳል። በተለይ በዓል ሲቃረብ «ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ይመጣል። ብድር ላለበት ሰው ፈተናው ይገባኛል። ቢሆንም ደህና የምትመስለዋ ዶሮ በሽታውን ይዛ ገበያ ስትገባ የሌላውንም ቤት ታወርዳለች። አርዶ መብላትም አያዋጣም። በደንብ የበሰለ ሥጋ ቫይረሱ ይሞትበታል፤ አደጋው ያለው ማረዱና መንጨቱ ላይ ነው።

ምልክት፦ ተከትበው ሞቱ

የፈንግል ክትባት የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ራሱ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። የፈንግል ክትባት የሆነው ላሶታ ሕያው ክትባት ነው። በቧንቧ ውሃ ከበጠበጣችሁት ክሎሪኑ ይገድለዋል፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ከሞቀም ያው ነው። ክሎሪን የሌለው ንጹህ ውሃ ተጠቀሙ። ካልተገኘ በሊትር 2.5 ግራም ገደማ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት አስቀድማችሁ ጨምሩ። ክትባቱን ከፋርማሲ እስከ ቤት በበረዶ ያዙት።

ምልክት፦ እንቁላል ቀነሰ፣ የሞተ የለም

ውሃ፣ መኖና መብራት እዩ። ከእነዚህ ካልሆነ ቀለል ያለው የወፍ ጉንፋን ዓይነትም እንዲህ ሊጀምር ስለሚችል ለባለሙያው ንገሩ።

ምልክት፦ ውሃ ዳር የሞቱ የዱር ወፎች

ከመስከረም እስከ መጋቢት ገደማ ስደተኛ ወፎች ገፈርሳ፣ አቃቂ ረግረግና ቢሾፍቱ ጨለለቃ ያርፋሉ። የዱር ዳክዬ ሳይታመም ቫይረሱን ሊሸከም ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በዩጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የዱር ወፎች ሲሞቱ ነው ኤች5ኤን8 የተባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት የተደረሰበት። አንድ ወፍ ሞቶ ቢገኝ ምንም ላይሆን ይችላል። ብዙ በአንድ ቦታ ከሆነ አትንኩ፣ ልጆችንና ውሻን አርቁ፣ ለባለሙያው አሳውቁ።

ለዶሮ የኩሬ ውሃ አትስጡ። ዳክዬና ዶሮ አታቀላቅሉ። መስኮቱን ድንቢጥ በማያሾልክ ሽቦ ሸፍኑ። ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን ቦቲ ይኑራችሁ። ኩስ የተለጠፈበት ቦቲ በረኪና ውስጥ ቢነከር ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ በሳሙና ይፈግፈግ። እርጥብ ኩስ በብርድ ጊዜ ቫይረሱን ከወር በላይ ሊያቆይ ይችላል፤ የሱሉልታን ሌሊት ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ዶሮ የምትንከባከበዋ ሰው አተኮሳት፣ አሳላት

ቶሎ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ካርድ ስታወጣ ጀምሮ «ዶሮ እየሞተብን ነው» ትበል። ካልተናገረች እንደ ተራ ጉንፋን ታይቶ ሊያልፍ ይችላል።