የትኛውን 2391 ልውሰድ ለምትሉ
እንግሊዝ አገር በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ (የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት) ለሚያዘጋጀው 2391 የተባለ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ከኋላው ያለውን ቁጥር አጣሩ። 2391-50 አዲስ የተዘረጋ መስመርን ፈትሾ ለማስረከብ ነው። 2391-51 አገልግሎት ላይ ያለውን ለመመርመር። 2391-52 ሁለቱንም ይይዛል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ልምድ ካላችሁ 52ን ውሰዱ። በግል የሚከራዩ ቤቶች ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲመረመሩ ሕጉ ስለሚያስገድድ ሥራ አይጠፋም። የመለኪያ መሣሪያ እምብዛም ያልነካ ግን በ50 ቢጀምር ይሻለዋል። አሮጌ ቤት ሌላ ዓለም ነው፤ ሽቦው ራሱ በድሮው ቀለም፣ ቀይና ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአገሩን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ 18ኛ እትም ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ። ያለዚያ ብትለኩም መሣሪያው ያሳያችሁ ቁጥር ደህና ይሁን አደገኛ መለየት ይከብዳል።