ጃንሆይን በመድረክ ለማቅረብ ለምትነሡ የሐረርና የድሬዳዋ ወጣቶች

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በቴአትር ለማሳየት የሚነሣ የወጣቶች ክበብ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከጢሙና ከካባው ነው። ሁላችንም የምናውቀው አንድ መልክ አለ፤ ቀጭን ፊት፣ የተከረከመ ጢም፣ ኒሻን የሞላበት ደረት፣ ከእግር ሥር የማይለይ ትንሽ ውሻ። ተዋናዩ ያንን መልክ ለብሶ ብቅ ሲል አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር ያልቅበታል፤ የቀረበለት ከቤቱ ይዞት የመጣው ምስል እንጂ ሰው አይደለምና። በሐረር የወጣቶችን ልምምድ ስከታተል ይህን ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከጢሙ በፊት ሊሠራ የሚገባውን ሥራ እዚህ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ዘመን ሳይሆን ቀን ምረጡ። «የጃንሆይ ዘመን» የሚባለው በመድረክ ላይ ሊቆም አይችልም፤ አንድ ቀን ግን ይቆማል። ቀኑን ስትመርጡ ማዕረጉ፣ ልብሱ፣ ዕድሜውና በዙሪያው የሚቆሙት ሰዎች ሁሉ አብረው ይወሰናሉ። በ1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ልጅ ተፈሪ፣ በኋላ ደጃዝማች ሆነው ሐረርን ገዙ፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ራስና አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። እኔ ራሴ በረዳሁት አንድ ትዕይንት ውስጥ በ1907 ዓ.ም. የሚቀዝፍ ጀልባ ነጂ «ጃንሆይ!» ብሎ እንዲጮኽ አድርገን ነበር። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ አንድ አዛውንት ቀርበው፣ በዚያን ጊዜ ጃንሆይ የሚባል ተፈሪ እንዳልነበረ፣ አገሩን የያዙት ልጅ ኢያሱ እንደነበሩና ጀልባ ነጂው ሊጠራ የሚችለው «ደጃዝማችን» ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የማየው በማዕረጉና በዓመቱ መካከል ስምምነት መኖሩን ነው።

ቀጥሎ፣ ተመልካቹ ይዞት የሚመጣውን ምስል ማን እንደሠራው እወቁ። በእኔ ግምት ቢያንስ ሦስት ምስሎች አሉ፤ ሦስቱም ለየራሳቸው ጉዳይ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቤተ መንግሥቱ ራሱ የሠራው ሲሆን በብር ኖት፣ በሳንቲም፣ በቴምብርና በየመሥሪያ ቤቱ በተሰቀለው ፎቶግራፍ በየሰዉ እጅና ዐይን የገባ ነው፤ በ1969 ዓ.ም. ገንዘቡ እስኪቀየር ድረስ አንድ ገበሬ ንጉሠ ነገሥቱን ሳያያቸው ፊታቸውን በመቀነቱ ቋጥሮ ይዞር ነበር። ሁለተኛው ምስል በአንድ ሌሊት የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ ያዘጋጀውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ፎልክስዋገን ተወሰዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋው እጅ ግን የዚያን ሌሊት ዓላማ ነበረው። ይህን ትዕይንት ለማሳየት የምታስቡ ከሆነ ፊልሙን የሚያዩትን ሰዎች ፊት እንጂ ፊልሙን አታሳዩ፤ የሚያስፈልጋችሁ የተመልካቹ ልብ እንዴት እንደተገለበጠ ነውና።

ሦስተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የራስ ተፈሪያውያን እምነት ስሙን የወሰደው ከዘውዱ በፊት ከነበረው ከ«ራስ ተፈሪ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ስለነበር ወዲያው ሊወርዱ አልቻሉም። በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ስለ ዘር መድልዎ ያደረጉትን ንግግር ቦብ ማርሌይ በ1968 ዓ.ም. ዘፈን አድርጎታል፤ ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ ብቻ ሳይሆን መሞታቸውም ተነግሮ ነበር። ዛሬ በከዚራ ወይም በጀጎል በቲሸርት ላይ የምታዩት አንበሳና ዘውድ የመጣው በዚህ መንገድ እንጂ ከአያቶቻችን ቤት ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ቲሸርቱን የለበሰው ወጣትና ፎቶግራፉን የሰቀሉት አያት በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡም የሚያዩት አንድን ሰው አይደለም፤ ጽሑፋችሁ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ተዋናዩ ልግባ። ንጉሠ ነገሥቱ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን ነበር፤ አዘጋጆች ግን ግርማን ከቁመት ጋር እያገናኙ ከክበቡ ረጅሙን ልጅ ይመርጣሉ። ግርማ የሚሠራው በሌሎቹ ተዋንያን ሰውነት ነው። አጭሩ ተዋናይ ዝም ብሎ ይቁም፤ እልፍኝ አስከልካዩ ይጎንበስ፣ ባለጉዳዩ ለጥ ብሎ እጅ ይንሣ፣ ሹማምንቱ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይውጡ፤ ደጅ ጠኚው ለሳምንታት የተዘጋጀበትን አቤቱታ ጀምሮ ይርሳው። ይህን ልምምድ ካለ ዋናው ተዋናይ፣ በባዶ ወንበር ፊት፣ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ ባዶው ወንበር የሚያስፈራ ከሆነ በኋላ ተዋናዩን አስቀምጡበት። ድምፁንም ቢሆን ከተቀዱት ንግግሮች ብታዳምጡ ቀስ ያለ፣ ቃል በቃል የሚመዝን መሆኑን ትረዳላችሁ፤ መጮኽ ለሌላ ንጉሥ ይቆይ። በአዋጅና በሹመት ላይ «እኛ» እያሉ «ሾመናል»፣ «ፈቅደናል» ይላሉ፤ የሚያናግራቸው ሰው ደግሞ «ጃንሆይ» ወይም «ግርማዊነትዎ» ይላል እንጂ ስማቸውን በፊታቸው አይጠራም።

በቃለ ምልልሱ ረገድ አንድ ሕግ እንድትጠብቁ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ እሳቸው የሚናገሩት ከተመዘገበ ንግግራቸው ወይም ከራሳቸው ጽሑፍ ይሁን፤ የፈጠራ ቃል ሁሉ ለፈጠራችሁት ሰው ይሰጥ። ይህ ሕግ ጽሑፉን የሚያጠብብ ይመስላል፤ በተግባር ግን ደራሲውን ወደ ሕዝቡ ይወስደዋል። ለምሳሌ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፉ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ይህን ቀን ለድሬዳዋ መድረክ ስትጽፉ እሳቸውን ጨርሶ ባታወጧቸው ይሻላል። መድረኩ የለገሀር ጣቢያ ይሁን፤ ሁለት የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ አንዱ «ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ይሙት» ሲል ሌላው «ከሞቱ ማን ይሟገትልናል» ይበል። ይህ ክርክር በዚያ ሳምንት በመኳንንቱ መካከልም የነበረ ነው። ከዚያ የባቡሩ መስኮት መጋረጃ ብቻ ይታይ። የሰኔ 23 ቀን የጄኔቫ ንግግር፣ ጣልያናውያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሲረብሹት በአማርኛ የተነገረው፣ በቀጣዩ ትዕይንት በድምፅ ብቻ ቢሰማ የሁለቱን ሠራተኞች ክርክር ሳይፈታው ያከብደዋል።

ለሐረር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የ1907 ዓ.ም. የአለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ሐይቅ አደጋ ነው። የ22 ዓመቱ ደጃዝማች ተፈሪ የተሳፈሩበት ጀልባ ሰጠመ፤ እሳቸው ተረፉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል ግን ከሌሎች ጋር ሞቱ። ኒሻን የሌለው፣ ገና አልጋ ወራሽ ያልሆነ፣ መምህሩን የቀበረ ወጣት ማሳየት ከማንኛውም የዘውድ ሥነ ሥርዓት ይልቅ ተመልካቹን ወደ ሰውየው ያቀርበዋል። ኋላ እስከ መድረቅ የደረሰውን ሐይቅ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሐረማያ አሁንም አሉና ሄዳችሁ ስለ ውኃው፣ ስለ ሸንበቆውና ስለ ጀልባው ጠይቋቸው።

ስለ አልባሳት ብዙ አልልም። በሐረር ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለውና ዛሬ ሙዚየም በሆነው ቤት የቆዩ ፎቶግራፎችና ልብሶች አሉ፤ ከመረጣችሁት ዓመት ጋር አስተያዩና ስፉ። ኒሻን ከመጨመር መቀነስ ይመረጣል።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ተመልካቹ ነው። በሐረር አዳራሽ የሚቀመጠው ሁሉ ለጃንሆይ አንድ ዓይነት ትዝታ የለውም። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ ከተባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ ብዙ ሐረሪዎች ታስረዋል፣ ንብረታቸውም ተወርሷል፤ ከከተማው ወጥተው ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ የተበተኑ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የእናንተው ጎረቤቶች ናቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአባታቸው የራስ መኮንን ሐውልት በከተማው መካከል ሲወድቅም አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ደስ አለው። ይህን ለማለፍ ሲሉ ሁሉንም የሚያስደስት ለስላሳ ንጉሥ የሚሠሩ ክበቦች አሉ፤ እኔ ይህን ፍርሃት እንጂ ጥንቃቄ አልለውም። ከክበቡ ውጭ ያሉ ሰዎችን፣ ማለትም አንድ የሐረሪ እናት፣ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ አንድ የቀድሞ ወታደርና አንድ የባቡር ጡረተኛ ጋብዛችሁ ጽሑፉን በንባብ አሰሟቸው። የሚቃወሙትን ሁሉ መቀበል የለባችሁም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ገጸ ባሕርይ «ይህ የእኛ ቤት ሰው ነው» ብሎ እንዲያውቀው እስክታደርጉ ድረስ ጽሑፉን አትዝጉት።

በመጨረሻ፣ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ የትኞቹ ቃላት ከንግግራቸው እንደተወሰዱ፣ የትኞቹ ሰዎች በክበቡ እንደተፈጠሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ያው ጽሑፍ በመግቢያው በር ላይም ይለጠፍ።