ኬሞ ለሚወስድ ሰው ፕሮባዮቲክ እንዴት ይሰጣል?

አክስቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ በነበረች ጊዜ ጎረቤታችን በወይራ በታጠነ ቅል እርጎ ይዛ መጣች። «ለሆድ ፍቱን ነው» አለች። ደግነቷ አንጀት ይበላል። ግን እርጎው ካልተፈላ ወተት የተሠራ ነበርና አክስቴ እንዳትቀምሰው አደረግን። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የኬሞ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ደግሞ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ራሱን ያድሳል። ስለዚህ ካንሰሩ ሲመታ እሱም አብሮ ይቆስላል፤ ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል። ፕሮባዮቲክ ማለት ሆድን የሚረዱ፣ በሕይወት ያሉ ተሕዋስያን ናቸው፤ በእንክብል ወይም በዱቄት ታሽገው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 150 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሏል። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የሚባለውን ፕሮባዮቲክ ባክቴሪያ ከወሰዱት መካከል ከባድ ተቅማጥ የያዛቸው 22 በመቶ፣ ካልወሰዱት 37 በመቶ ነበሩ። ያግዛል ማለት ነው፤ ተአምር ግን አትጠብቁ።

አንደኛ፣ የካንሰር ሐኪሙን ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ። ይሄን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ብዙውን ጊዜ ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ያኔ የቆሰለው አንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም ሊያሳልፍ ይችላል፤ ለጤነኛ ሰው ወዳጅ የሆነውንም ጭምር። «በቅርቡ በተደረገው ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ኒውትሮፊሉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኒውትሮፊል ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል ነው። ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ መድኃኒት የሚገባበት ቱቦ ካለም ተናገሩ። እንዲህ ላለ ሰው ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ አይሰጥም። ብናኙ በእጅ ተነክቶ በቱቦው ከገባ ወደ ደም ይዛመታል። ፓኬቱን እሱ አጠገብ መክፈት ራሱ አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሸጊያውን አንብቡ። የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ ብዛቱ፣ የሚያበቃበት ቀንና ፍሪጅ ይፈልግ እንደሆነ መጻፍ አለበት። «ለሆድ ጤና» ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት። በፊንላንዱ ጥናት በቀን ከ10 እስከ 20 ቢሊዮን ባክቴሪያ ነበር የተሰጠው።

ሦስተኛ፣ አወሳሰዱ። እጃችሁን ታጠቡ። ትኩስ ሻይ ወይም አጥሚት ውስጥ አትበጥብጡት፤ ሙቀት ይገድለዋል። እንጀራም በፕሮባዮቲክነት የማይቆጠረው ለዚህ ነው፤ ሊጡን ያቦኩት ባክቴሪያዎች ምጣድ ላይ ያልቃሉ። አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። እርጎ ካማረውና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ፓስቸራይዝድ ከሆነ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የተሠራና የታሸገ ግዙለት። ጥሬ ወተት ሊስቴሪያ፣ ብሩሴላና የቲቢ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። የጎረቤታችንን ቅል የመለስነው ይሄን ፈርተን ነው።

አራተኛ፣ ደብተር ያዙ። አክስቴ ትራሷ ሥር ትንሽ ደብተር ነበራት፤ መጸዳጃ ቤት ደርሳ በተመለሰች ቁጥር አንድ ጭረት። የቀኑ ጭረት ከወትሮዋ በ4 ከበለጠ ወደ ሐኪሟ እንደውል ነበር። እስከዚያው ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠን በትንሽ በትንሹ እንድትጠጣ እናደርጋለን።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ፕሮባዮቲኩን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሌሊትም ቢሆን። ደብተሩንና የፕሮባዮቲኩን ማሸጊያ አትርሱ፤ ሐኪሙ ደሙ ውስጥ የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚፈልግ ፍንጭ የሚያገኘው ከዚያ ነው።