በተኝቶ መታከሚያ ክፍል እሳት ሲነሳ
መጀመሪያ እሳቱ አጠገብ ያለውን ታካሚ አውጡ፣ ከዚያ በሩን ዝጉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ጭሱ ይውጣ» ብለው በሩን ሲከፍቱት ኮሪደሩ በጭስ ይታፈናል።

ኦክስጅን ራሱ አይቀጣጠልም፤ አንሶላና ፍራሽ ውስጥ ከገባ ግን ትንሿን ብልጭታ ነበልባል ያደርጋታል። የሲሊንደሩን ቫልቭ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። ኦክስጅን ወደ ክፍሎቹ የሚያደርሰውን የዋናውን መስመር ቫልቭ ተረኛዋ የነርሶች ኃላፊ ሳታዝ አትንኩ፤ ሌላ አልጋ ላይ በእሱ የሚተነፍስ ታካሚ ይኖራል።

ታካሚዎችን ወደ ደረጃ ከማውረዳችሁ በፊት እዚያው ፎቅ ላይ ከእሳት መከላከያው በር ወዲያ አሻግሩ። ሊፍት አይታሰብም።

ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ከ20 ሰከንድ ብዙም አያልፍም፤ ፒኑን ነቅላችሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት የእሳቱን ሥር ግራና ቀኝ ርጩ። የጌጁን (የማጥፊያውን ግፊት መለኪያ) ቀስት በየወሩ እዩ፤ ከአረንጓዴው ከወረደ ይሞላ።